ድመቷ፣ ጥንቸሉና እሳቸው

መስከረም 28 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ከእኔ በር እስከ አንቺ በር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይድረስሽ፤ ፍራሽ ቤት የምትሠራ ልጅ ከማንጠፍ ሌላ ምን ታውቃለች። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እንደተውሽኝ ነኝ። ቁመቴ አልጨመረም፤ አፌ ጨምሯል ይሉኛል። ጽሕፈቴን አትታዘቢ። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣኝ ምላሴ ነው፤ ቅጣቱን የተቀበለው ግን እጄ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጓሮ የነበረው የጥንቸልሽ ቤት ባለፈው ሳምንት በዝናብ ተደረመሰ። ሮጬ ስደርስ ጥንቸልሽ ፍርስራሹ መሀል ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች፤ አከራይ ልታነጋግር የቀጠረች ነው የምትመስለው። በፎጣ ጠቅልዬ ሳሎን አስገባኋት። ወይም አስገባሁት። ወንድ ይሁን ሴት እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ አንቺም ስትሄጂ «ጥንቸሌን አደራ» አልሽ እንጂ ሌላ አልነገርሽኝም።

ሳሎኑ ደግሞ ባለቤት አለው። የአባባን ድመት ታውቂያት የለ፣ ሶፋውን በውርስ ያገኘች የምትመስለዋን? ጥንቸሉን እንዳየች ጅራቷ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ አከለ። ጥንቸልሽም በኋላ እግሩ ወለሉን ድም አደረገው። በድምፁ አባባ ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥንቸል ነው አባባ።»

«ማን አስገባው?»

«ዝናቡ።»

ድመቷን አዩ፣ ጥንቸሉን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ነገ ጠዋት ጆሮውን ብቻ ነው የምታገኚው» ብለው ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ጥንቸሉ ወጥ ቤት፣ ድመቷ ሳሎን፣ እኔ በር ላይ ነኝ። ሥራ ስሄድ ወጥ ቤቱን ስለምቆልፍ አባባ ውሃ ሲጠማቸው ጎረቤት ይሄዳሉ። ሳል ይዟቸዋል። ዝናቡ ሄደ፤ ሳላቸው ግን ኪራይ ሳይከፍል ተቀምጧል። እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀምሯል፤ ምስማር ሲመቱ የማዝነው ለምስማሩ ነው።

ስለ እሳቸው አልጠየቅሽኝም፤ አውቃለሁ። ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ በር ላይ ቆመሽ «ከሄድሽ አባት የለሽም» ካሉሽ ይሄው ሁለት ዓመት፣ አባትና ልጅ ሁለታችሁም ዝም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሣሩ እኔ ነኝ፤ ሣር የሚበላ እንስሳ ደግሞ አደራ ሰጥተሽኛል።

አንቺ የምትሠሪው እንስሳት ሐኪም ቤት ነው። የሽቦ ሳጥን ብታጥቢም ጆሮ አለሽ። ድመትና ጥንቸል አንድ ቤት እንዴት እንደሚኖሩ ጠይቂልኝ። ካልሆነ ለሰው እሰጠዋለሁ፤ የምትቀበለው ሴትዮ ጎረቤት አለች፤ እሱን አይታ ከንፈሯን ስትልስ ግን አልወደድኩላትም።

ያንቺው ጦጢት


ጥቅምት 19 ቀን

ለጦጢት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርድ ገብቷል። ሥራው ያው ነው፤ ጠዋት ሳጥኖቹን አጥባለሁ፣ ከሰዓት ፎጣዎቹን አጥባለሁ፣ ማታ ራሴን አጥቤ እተኛለሁ።

ሐኪሙን ጠየቅኩልሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከሥራ ውጪ ያናገርኩት፤ ተገረመ። ያለኝን እጽፍልሻለሁ፤ እባክሽ ሳትቀልጂ አንብቢው።

መጀመሪያ አይተያዩ። ለየብቻ ክፍል ይክረሙ። ድመቷ የተኛችበትን ጨርቅ ለጥንቸሉ ስጪው፣ የሱን ለሷ። ሽታ ሲለማመዱ የዓይን ነገር ይቀላል። ከዚያ መሀላቸው ሽቦ ይሁን፤ በሽቦው ግራና ቀኝ እኩል ምግብ ስጫቸው፤ አንዱ ሌላውን ሲያይ ጥጋብ ትዝ እንዲለው ነው። የድመቷን ጥፍር ቁረጪ። ጥንቸሉ ወለል ሲመታ ፈርቷል ማለት ነው፤ አትሳቂበት። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ጥንቸል ሆዱ ከቆመ አይቆይም ብሎኛል። ቢስማሙም ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ሁለቱን ብቻ አትተያቸው።

ወንድ ነው ሴት ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የራስሽን ጥንቸል አታውቂም አለኝ።

ለሰው አትስጪው። ከዚያ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለ እሳቸው አትጻፊልኝ። ደህና ናቸው ብለሽም አትጻፊልኝ። «እሳቸው» የሚለውን ቃል ደብዳቤሽ ላይ ሳየው እጄ ይደነዝዛል። የምሠራበት ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነም ይሆናል።

አክስትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ጥንቸሏን ለማታውቀው አክስቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? ፈጣሪ እጅሽን ያሙቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ድመቷ ደህና ናት፣ ሌላውን አትጻፊ ተብያለሁ።

ሐኪምሽ ያለውን ሁሉ አደረግኩ። ከፍራሽ ቤት የስፖንጅ ቁራጭ አምጥቼ ድመቷን አሸሁና ለጥንቸሉ ሰጠሁት። በላው። እንግዲህ ይሄ መለማመድ ይሁን ንቀት ሐኪሙን ጠይቂልኝ። የድመቷን ጥፍር ለመቁረጥ ሦስት ሰው ፈጀ፤ ሁለቱ ፋሻ ገዙ። የፍራሽ ቤቱ ባለቤት እጄን አይቶ «ከማን ተጣላሽ?» አለኝ። «እያስታረቅኩ ነው» አልኩት።

ሽቦውን አንድ አናጢ ሠራልን። ስሙን አልጠይቀውም፣ ከየት እንደመጣም አላውቅም። ሳሎኑን ለሁለት የሚከፍል የወንፊት ሽቦ ያለው መጋረጃ መሳይ ነገር ነው፤ ማጠፊያም አለው።

«ለድመቴ ብዬ ነው፤ እንዳትጎዳ» አለኝ አናጢው።

«ጥንቸል ድመት ይጎዳል እንዴ?»

«የዚያች ልጅ ጥንቸል ነው። ምኑ ይታመናል» አለ።

ከአናጢ ጋር አልከራከርም ብዬ ተውኩት። ይኼ አናጢ ሌላም አመል አለው። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ ለጥንቸሉ አነብለታለሁ፤ ባለቤቱ ስለሆንሽ መስማት መብቱ ነው። ያን ሰዓት አንድ የተዘጋ በር ገርበብ ይላል። ነፋስ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ወንድ ነው ሴት ላልሽው ገልብጠን አየነው። እኔ ሴት አልኩ፣ አናጢው ወንድ አለ፣ ጥንቸሉ ነከሰን። «በላች» ስል «በላ በይ» ይለኛል፤ «ተኛ» ሲል «ተኛች በል» እለዋለሁ። ቤቱ ሰዋስው ትምህርት ቤት ሆነ። ታዲያ ምን ትዝ አለኝ? አንቺ «እሳቸው»ን አትጻፊልኝ ስላልሽ ስንት «እሳቸው» ሳይሠራበት እጄ ላይ ቀርቷል። ይባክናል እንዴ? ለጥንቸሉ ሰጠሁት። እሳቸው ካልን ወንድም ሴትም ያው ነው፤ ጠብ የለም። ሽበታቸውም ሆነ ኩርፊያቸው ማዕረጉን ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ካልኩ ጥንቸሉን ማለቴ ነው፤ ልብ አድርጊ።

እሳቸው ዛሬ ድርቆሽ በልተዋል፣ ሰላጣ ቀምሰዋል፣ የመጋረጃውንም ጫፍ ባርከዋል። ድመቷ ግን ሽቦው ሥር ተጋድማ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አትነቅልም። እሳቸውም ወለሉን ይደበድባሉ። ገና ነው።

ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ የፍራሽ ቤቱ ባለቤት ወንድም ነው፤ በሥራ ጉዳይ ወደናንተ ከተማ ይመጣል። ከፖስታ እፈጥናለሁ ብሎ ምሏል።

ጦጢት


ኅዳር 16 ቀን

አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

ሰሞኑን ከብዶን ነበር። እሳቸው ትናንት እህል አልቀምስም ብለው ዋሉ። በማንኪያ ውሃ እያቀመስኩ ከአጠገባቸው አልተነሳሁም። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ላንቺ ምን ብዬ እንደምጽፍ ነበር የማስበው።

ዛሬ ጠዋት አረፉ። ድመቷ ከጎናቸው ተኝታለች፤ ብጠራት ብጠራት አልነሳም አለች። ቤቱ እንዴት ጸጥ እንዳለ ብታዪ። ሥራም አልሄድኩ፣ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ዋልኩ።

ከእንግዲህ አታስቢ። ሁሉም አልፏል።

ጦጢት


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለጦጢት፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ማረፋቸውን አነበብኩ። ሳታዞሪ ስለነገርሽኝ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ሁልጊዜ ስትቀልጂ ስለማውቅሽ፣ ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ስትልኪ እውነት መሆኑን ወዲያው አወቅኩ።

ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፤ የአንድ እጄን ጓንት ብቻ አውልቄ። ስጨርስ አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ጓንቴን መልሼ አጠለቅኩ። አንድ ሳጥን ቀርቶኝ ነበር፤ አጠብኩት። ሐኪሙ በዚያ ሲያልፍ «ከቤት ነው ደብዳቤው? ምን አዲስ ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ክፍሌ ገብቼ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ለቅሶው እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለሱም አላለቀስኩም። ጥርስ ሊነቀል ሲደነዝዝ ታውቂያለሽ፤ ድድሽ ያንቺ መሆኑን በእጅሽ ነክተሽ ነው የምታረጋግጪው። እንደዚያ ነኝ። ክፉ ሆኜ አይደለም።

አባቴ እርሳሴን በመሮ ነበር የሚቀርጹልኝ። ክፍል ውስጥ የኔን ያህል የሾለ እርሳስ የነበረው ልጅ የለም። ለምን ይህን እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ትናንት ስሠራ በድንገት መጣብኝና ሄደ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጥንቸሉ በላ ወይ፣ ጥንቸሉ ተኛ ወይ ስልሽ ስለማን እንደምጠይቅ ታውቂያለሽ። ሞኝ አይደለሽም።

አሁን ልጠይቅሽ። ሲያርፉ አንቺ ነበርሽ ወይስ ድመቷ ብቻ? ስሜን ጠርተው ከነበረ ጻፊልኝ። ካልጠሩ ዝም በይ፤ ዝምታሽን አነበዋለሁ። መጋዛቸውንና መሮአቸውን ለማንም አትስጪ።

ጥንቸሉ ካስቸገረሽ ለዚያች ሴትዮ ስጫት። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል።

ድመቷ ከጎናቸው አልነሳም ማለቷ መልካም ነው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 21 ቀን

አክስቴ፤

ሰላምታውን ወደ ኋላ ላድርገውና መጀመሪያ ይህን አንብቢ። አባባ አልሞቱም። አሁን ሳሎን ተቀምጠው ጥንቸሉን እያዩ ይስላሉ። ያረፉት ጥንቸሉ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ አልሞቱም፤ አረፉ ስል ቀኑን ሙሉ ተረብሸው ውለው ደህና ሆኑ፣ በሉ፣ ከድመቷ ጎን ተጋድመው ዕረፍት አገኙ ማለቴ ነው። በኅዳር 2 ጥንቸሉን እሳቸው እንደምለው ጽፌልሽ ነበር። ያ የሚምል ሰውዬ ከፖስታ እፈጥናለሁ ብሎ እስካሁን በመንገድ ላይ ነው መሰለኝ። ወንድሙን ጠየቅኩት፤ «በየከተማው ያድራል» አለኝ።

በሕይወቴ አንድ ቀን ሳልቀልድ ጻፍኩ፤ በሱም ሰው ገደልኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ደብዳቤሽ ሲመጣ እንደ ልማዴ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ማረፋቸውን አነበብኩ» ስትይ የጥንቸሉ ነገር ነው ብዬ ድምፄን ጨመርኩ። ጓንቱ ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። ሽንኩርቱ ላይ ስደርስ ገባኝና ቆምኩ። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ከበሩ ኋላ «ቀጥይ» አሉኝ።

«አባባ፣ የጥንቸል ወሬ ነው እኮ።»

«ቀጥይ አልኩሽ።»

ቀጠልኩ። ምን ላድርግ። እርሳሱንም፣ መሮውንም፣ ሁሉንም አነበብኩ። ስጨርስ ወጡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ድመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ለቀቀች። 

«ሽንኩርቱም አላስለቀሳትም?» አሉ።

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እናቷም እንዲሁ ነበረች። የገዛ እናቷ ሲሞቱባት ልብስ ስታጥብ ነው የዋለችው» አሉና ተነስተው ገቡ።

ሦስት ቀን ስለዚህ ነገር አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁ።

«ጻፊ» አሉኝ።

«ለምን እርስዎ አይጽፉም?»

«እጄ አይቆምልኝም፤ ታውቂያለሽ። ጻፊ። ‹ልጄ› በይ።»

ጻፍኩ።

«‹አልሞትኩም።›»

«እሱን እኔ ከላይ ጽፌዋለሁ አባባ።»

«እኔም ልጻፈው። የሞትኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ጻፍኩ። ከዚያ ‹ሳሉ ቀንሶልኛል› አሉ፤ ውሸት ነው፣ ግን ጻፍኩ። ‹ብርድ ላይ አትሥሪ› አሉ። ቀጥሎ ‹ያን ቀን አባት የለሽም ያልኩት› ብለው አቆሙ። እስክሪብቶውን ይዤ ጠበቅኩ። ጥንቸሉ መጥቶ ጫማቸውን አሸተተ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ «ያልኩት በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ብዬ እንደ ማመልከቻ ልቀጥለው?» አልኳቸው።

«ሰርዢው። እንዲህ በይ። ‹አባት የለሽም ያለሽን ሰውዬ እንደሞተ ቁጠሪው። እሱን ቀብረሽዋል፤ መልካም አደረግሽ። እኔ ግን አለሁ።›»

ይሄው፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

ስምሽን ጠርተው እንደሆነም ጠየቅኳቸው፤ ጠይቀሽኛልና። «ገና ስላልሞትኩ አላውቅም በያት» አሉ።

አሁን ሽቦው ታጥፏል። ቀን እኔ ስኖር ሁለቱ አብረው ይውላሉ። ድመቷ የጥንቸሉን ጆሮ ትልሳለች፣ ጥንቸሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላል። እሱ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ማዕረጉን ገፍፌዋለሁ። ሥራ ስወጣ አባባ ይጠብቋቸዋል። አልፎ አልፎ ግን ድመቷ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ታየዋለች፤ ጥንቸሉም የሚሸሽበት ያጣል። ለሴትዮዋ ልስጠው አልስጠው ንገሪኝ። አባባን ስጠይቃቸው «የኔ አይደለም፤ ባለቤቷን ጠይቂ» አሉኝ።

ሰላምታዬ ይሄው እዚህ ደረሰ። ጤና ሁኚልኝ።

በነፍስ ግድያ የምትጠረጠረው ጦጢት


ጥር 17 ቀን

ለአባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

የላኩልኝ ቃል ደረሰኝ። መኖርዎን ሳነብም ማረፍዎን ሳነብ እንደሆንኩት ነው የሆንኩት፤ አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩም። ሰው ደስ ሲለው ምን እንደሚያደርግ ረስቼው ይሆናል። እንዳይቀየሙኝ። ይመጣ ይሆናል።

የጦጢት የኅዳሩ ደብዳቤም ትናንት ደረሰኝ፤ ያመጣው ሰውዬ ይቅርታ ሳይጠይቅ ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

ጥንቸሉን ለሰው አይስጡብኝ። ሐኪሙን እንደገና ጠየቅኩት። ለጥንቸሉ መሸሸጊያ ሳጥን ያስፈልገዋል አለኝ፤ ሁለት በር ያለው፣ ድመቷ በአንዱ ብትመጣ በሌላው የሚወጣበት። በሩ ጥንቸሉ ሳይጨነቅ የሚያልፍበት ይሁን፣ ጠርዙ ደግሞ በደንብ ይላግ። ሐኪሙ ስፋቱን ነግሮኝ ነበር፤ ግን የሱን ጥንቸል እንጂ የእኛን አላየም። እርስዎ ራስዎ ለክተው ይሥሩት።

ሲጨርሱ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የበሮቹንም ልክ ይጻፉልኝ። ጽሕፈቱን ለጦጢት አይስጧት፤ ቀልድ ትጨምርበታለች። በእጅዎ ይጻፉት። ፊደሉ ቢንጋደድም አነበዋለሁ።

ልጅዎ